የኳቢን ውኃና መሬት፦ ዓሣ ማጥመድና የእግር ጉዞ እስከ ምን ድረስ ሊፈቀድ ይገባል?

ዘማልደን

ለመድረኩ አባላት በሙሉ፦

በቦስተን ዙሪያ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች፣ ዓሣ የማጥመጃው ወቅት ክፍት በሚሆንበት ጊዜ፣ ማለትም ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ኳቢን የውኃ ማጠራቀሚያ መሄድ ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል። ገሚሶቻችን መንጠቆ ይዘን ዳርቻው ላይ እንቀመጣለን፤ የቀሩት ጫካው ውስጥ ባሉት አሮጌ መንገዶች በእግር ይጓዛሉ። ዘንድሮ ከመካከላችን አንዳንዶች ቦታውን ለሚያስተዳድረው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት የጋራ ደብዳቤ እንጻፍ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሊጠየቅ የታሰበው ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀድበት ዳርቻ እንዲሰፋ፣ የተዘጋው የፕሬስኮት ባሕረ ገብ መሬት ለእግረኞች እንዲከፈት፣ እንዲሁም በሙቀቱ ወራት ሕፃናት ቢያንስ እግራቸውን ውኃው ውስጥ እንዲነክሩ እንዲፈቀድላቸው ነው። ደብዳቤውን የማርቀቁ ኃላፊነት በእኔ ላይ ስለ ወደቀ፣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት ነገሩን በሚገባ ልረዳው ፈልጌ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

ቦታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኳቢን በማሳቹሴትስ መካከለኛ ክፍል የስዊፍት ወንዝ ሸለቆ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሲሞላ 412 ቢሊዮን ጋሎን ወይም ወደ 1.56 ትሪሊዮን ሊትር ውኃ ይይዛል። ውኃው በመሬት ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ ወደ ዋቹሴት ማጠራቀሚያ ይሻገርና ከዚያ ወደ ቦስተንና በዙሪያዋ ወዳሉ ከተሞች ይወርዳል። እኔም ማልደን በሚገኘው ቤቴ ቧንቧ ከፍቼ የምጠጣው እርሱኑ ነው።

ግራ ያጋባኝ የክልከላው አሠራር ነው። ሞተር ያለው ጀልባ በሦስት የተወሰኑ መግቢያዎች በኩል ሐይቁ ላይ ይወጣል፤ ሰው ግን መዋኘት ቀርቶ እግሩን መንከር አይፈቀድለትም። በዓመት ለጥቂት ቀናት አጋዘን በጠመንጃ ማደን ይፈቀዳል፤ በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ግን በሩን ማለፍ አይችልም። ባለፈው ጁላይ የስድስት ዓመት ልጄ ከአጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወደ ውኃው ስትዘረጋ ቁርጭምጭሚቷን ይዤ መለስኳት። በዚያው ቅጽበት ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት ጀልባ ከፊታችን አለፈ። «እነርሱ ከገቡ እኔ ለምን አልገባም?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። ይህን ለእኔም ለልጄም የሚያስረዳ ሰው ካለ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለ ላቦራቶሪዋ

ወንድሜ ዘማልደን፣ ሥራዬ የመጠጥ ውኃ ናሙና መመርመር ስለሆነ የምችለውን ያህል ላስረዳ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የኳቢንና የዋቹሴት ውኃ በማጣሪያ የማያልፍ መሆኑ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1989 ባወጣው ደንብ መሠረት ከሐይቅና ከወንዝ የሚቀዳ የመጠጥ ውኃ ሁሉ መጣራት አለበት፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆነው ምንጩ ንጹሕ፣ ተፋሰሱም በጥብቅ የተጠበቀ መሆኑን ያረጋገጠ ብቻ ነው። በቦስተን ውኃ ጉዳይ መንግሥት ማጣሪያ ይሠራ ብሎ ከስሶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ በ2000 ማጣሪያ መሥራት አያስፈልግም ሲል ወሰነ። ከ2005 ጀምሮ ውኃው በማርልቦሮ በሚገኘው ጣቢያ በኦዞን ይታከማል፤ በ2014 ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረር ተጨምሮለታል። ጨረሩም ኦዞኑም ተሕዋስያንን ይገድላሉ ወይም ያመክናሉ እንጂ ደለልና ቆሻሻ ከውኃው አያወጡም። ያንን ሥራ የሚሠሩት በሐይቁ ዙሪያ ያለው ጫካና አፈር፣ እንዲሁም ውኃው ረግቶ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። ከተሞቹ በቀን የሚጠቀሙት 200 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ስለሆነ፣ ሙሉው ሐይቅ ከአምስት ዓመት በላይ የሚበቃ ውኃ ይዟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ ልምጣ። ጃርዲያን አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ በስሙም በሕመሙም ያውቀዋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ሌላው ተሕዋስ ደግሞ የባሰ ነው፤ ክሎሪን እንኳ በቀላሉ አይገድለውም። በ1993 በሚልዋኪ ከተማ በቧንቧ ውኃ ገብቶ 400,000 ያህል ሰዎችን አሟል፤ ያውም ያቺ ከተማ ማጣሪያ ነበራት። እነዚህ ተሕዋስያን ወደ ውኃ የሚገቡት ከሰውና ከእንስሳ ሰገራ ነው። ጀልባ ላይ በደረቁ የተቀመጠ ሰው ገላው ውኃውን አይነካም፤ ውኃው ውስጥ የገባ ሰው ግን ሳያውቀው ከገላው የሚታጠብ ነገር ይተዋል፤ በዚህ በኩል ይበልጥ የሚያሰጉት ደግሞ ታናናሽ ሕፃናት ናቸው። ይህን የምለው እናት ሆኜ ነው። የውሻም ነገር ያው ነው፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ አያነሣለትም፣ ዝናብ ግን ሁልጊዜ አጥቦ ይወስደዋል።

ጥንቃቄው በሰው ብቻ የተወሰነ እንዳይመስልዎ። ውኃው በሚቀዳበት አካባቢ የሚያድሩትን የባሕር ወፎች እንኳ ሠራተኞች በጀልባና በድምፅ እያስፈራሩ ያርቋቸዋል፤ ምክንያቱም በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ሌሊቱን ሲያድሩ የሚጥሉት ኩስ በናሙናችን ላይ ይታያል።

ከሲያትል

ለዚህ ውይይት ከምኖርበት ከተማ የተለየ ምሳሌ ላምጣ። የሲያትል ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከሲዳር ወንዝ ተፋሰስ ሲሆን፣ 90,000 ኤከር ያህል የሚሆነው ያ ጫካ ለሕዝብ ዝግ ነው። ዓሣ ማጥመድም፣ በእግር መጓዝም፣ ድንኳን መትከልም የለም፤ መግባት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር በተዘጋጀ ጉብኝት ብቻ ነው። እዚያም ውኃው አይጣራም። በእግር መጓዝ የሚወድ ከክልሉ ጠርዝ ወዳለው ወደ ራትልስኔክ ሐይቅና ከበላዩ ወዳለው ገደል ይሄዳል። እዚያ መንገዱ ሞልቶ ሰው በሰልፍ ሲወጣ ያዩታል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጫካ ግን ጸጥ እንዳለ ነው።

በእኔ አስተያየት ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ማንም የማይገባበት ቦታ ላይ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል ክርክር አይነሣም፤ ጠባቂም ለአንዱ ሲፈቅድ ለሌላው ሲከለክል አይገኝም። ኳቢን ላይ ዓሣ አጥማጁ ገባ፣ ቀጥሎ ብስክሌተኛው ጠየቀ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ስለ ሕፃናት ትጠይቃላችሁ። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ትልቅ ነው። ደብዳቤው ባይጻፍ እመርጣለሁ።

የብሮንክሱ

ከሲያትል ከጻፉት ወንድሜ ጋር በዓላማው እስማማለሁ፤ በመንገዱ ግን አልስማማም።

ኒው ዮርክ ከተማ 19 የውኃ ማጠራቀሚያዎች አሏት፤ ተፋሰሳቸው ወደ 2,000 ካሬ ማይል ይሰፋል። ከካትስኪልና ከዴላዌር በኩል የሚመጣው ውኃ፣ አብዛኛውን የከተማዋን ፍጆታ የሚሸፍነው ማለት ነው፣ እርሱም ሳይጣራ ይጠጣል። ያም ሆኖ ሰው በሐይቆቹ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ በዙሪያቸው ይጓዛል። ፈቃዱ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን በኢንተርኔት ተሞልቶ ታትሞ በኪስ የሚያዝ ወረቀት ነው፤ ለብዙዎቹ የእግር ጉዞ ቦታዎች ደግሞ እርሱም አያስፈልግም። ቀዛፊ ጀልባ ያለው ሰው ጀልባውን በእንፋሎት አሳጥቦ፣ ቁጥር አስለጥፎበት፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ይተወዋል እንጂ ሌላ ውኃ ላይ ይዞት አይዞርም። በ2019 በአሾካን ማጠራቀሚያ ሰሜናዊ ዳርቻ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ 11.5 ማይል የእግረኛ መንገድ ተከፍቷል፤ እኔም ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ከተማዋ ለጋስ ስለሆነች አይደለም። ከተማዋ ተጨማሪ መሬት እየገዛች ለመጠበቅ የላይኞቹ አገሮች ነዋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር፤ እነርሱ ደግሞ አያቶቻቸው ዓሣ ያጠመዱበት ወንዝ ታጥሮ ሲያዩ ቂም ይዘው ነበር። በ1997 የተፈረመው ስምምነት የመጣው ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። መንጠቆውን ይዞ በየሳምንቱ እዚያው ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ሰው ውኃው ቀለሙ ሲለወጥ፣ ወይም አንድ መኪና ሌሊት ቆሻሻ ሲደፋ መጀመሪያ የሚያይ እርሱ ነው። ጠባቂ ብቻውን ይህን ያህል ጫካ አይችለውም።

ዘማልደን

ለሦስታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ ባለ ላቦራቶሪዋ፣ ማብራሪያዎን ለልጄ በሚገባት ቃል አስረድቻታለሁ፤ «ስለዚህ ከዚያ የሚጠጡ ልጆች እንዳይታመሙ ነው» ብላ ተቀብላዋለች። ሕፃናትን የሚመለከተውን አንቀጽ ከደብዳቤው አውጥቼዋለሁ።

ይሁን እንጂ የጀልባው ነገር አሁንም አልወጣልኝም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ከሌላ ሐይቅ የመጣች ትንሽ ጀልባውን ጎትቶ መጥቶ ሳይገባ ተመልሷል። ጀልባዋ ንጹሕ እንደ ነበረች ዓይኔ አይቷል። ምክንያቱን የምታውቁ ካላችሁ ብታስረዱኝ።

የጣና ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። የተወለድኩት ደንቢያ፣ ጣና ዳር ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ መጣ ተባለ። አጎቴ በመጀመሪያው ዓመት አበባውን አይቶ «ያምራል» ማለቱን አስታውሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ታንኳውን ከዳር ለማውጣት እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በማጭድ እየቆረጠ መንገድ ያበጅ ነበር፤ መረቡ ከዓሣ ይልቅ ሥር እየያዘ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቀለ፣ ማሽንም መጣ፤ አረሙ ግን ከቆረጡት ቁራጭ ራሱ መልሶ ይበቅላል። አንዴ የገባ ነገር በዚያ ስፋት ላይ ካለ ውኃ ተለቅሞ አይወጣም።

እዚህ የሚፈራው ዜብራ መስል የሚባል፣ የጥፍር ያህል የሆነ ባለ ቅርፊት የውኃ ፍጥረት ነው። መነሻው ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ ሲሆን በ1980ዎቹ በመርከብ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች ገባ። በጀልባ ሆድ፣ በገመድ፣ በውኃ መቅጃ ቧንቧ ላይ እየተደራረበ ይጣበቅና ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ ለዓሣው ጫጩት ምግብ የሚሆነውንም ደቂቅ ሕይወት ከውኃው ውስጥ ጠጥቶ ይጨርሳል። ገና እጭ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በጀልባ ወለል ላይ በቀረች አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ በሺህ ሊኖር ይችላል። በ2009 በምዕራብ ማሳቹሴትስ በሎረል ሐይቅ ሲገኝ የኳቢን አስተዳደር ወዲያውኑ ከውጭ የሚመጡ ጀልባዎችን አገደ፤ በኋላም የማኅተሙን ሥርዓት ዘረጋ።

አሠራሩን በቅርብ ስላየሁት ልንገራችሁ። ጀልባው አስቀድሞ ይመረመራል፤ ከዚያም በሙቅ ውኃ ይታጠባል ወይም በክረምቱ ብርድ ወራት ከውኃ ርቆ ይቆያል። ሲጨርስ ጀልባውንና መጎተቻውን አንድ ላይ የሚያስር ባለ ቁጥር ማኅተም ይደረግበታል። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሠራተኛው ቁጥሩን አይቶ ማኅተሙን ይቆርጣል፤ ማታ ሲወጣ እንደ ገና ያትመዋል። ማኅተሙ ተቆርጦ ከመጣ ጀልባው ሌላ ውኃ ነክቷል ማለት ስለሆነ አይገባም። የጓደኛችሁ ጀልባ ንጹሕ ልትሆን ትችላለች፤ ነገር ግን ንጹሕ መሆኗን የሚያረጋግጥ ማኅተም አልነበራትም። ማኅተም የሌለው ሰው እዚያው ከአስተዳደሩ ጀልባ ተከራይቶ ማጥመድ ይችላል፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር፤ ብዙ አዲስ አጥማጆች አያውቁትምና። በኳቢንና በዋቹሴት መንጠቆ የሚያሰጥም የእርሳስ ክብደት መጠቀም ክልክል ነው። ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ ድንጋይ መስሎት ይውጠዋል፤ አንዲቱ ትንሽ እርሳስ ልትገድለው ትበቃለች። ከቆርቆሮ ወይም ከብረት የተሠራ ክብደት በየሱቁ ይገኛል።

ከሲያትል

የጣና ልጅ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ግን እኮ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። ማኅተም ሊላላ፣ ሠራተኛ ሊሳሳት ይችላል፤ አንድ ቀን መሳሳት ደግሞ ለዘላለም ነው። ከውጭ የሚመጣ ጀልባ ፈጽሞ ባይገባ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር? ዳርቻ ላይ ቆሞ ማጥመድ ለማን አነሰው? በዋቹሴት የሚፈቀደው ከዳርቻ ማጥመድ ብቻ መሆኑን አንብቤአለሁ፤ ለኳቢንም ያው ይበቃ ነበር።

እናት ዓለም

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም በትዕግሥት አነበብኳችሁ። እኔ ስለ ውኃ ምርመራ አላውቅም፤ ስለ ሰዎቹ ግን አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ባለፈው ዓመት ከልጅ ልጆቼ ጋር በ40ኛው በር ገብተን ዴና ወደሚባለው የመንደር አደባባይ በእግራችን ሄድን። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉልበቴ ቢያመኝም ሜዳማ ስለሆነ ቻልኩት። እዚያ ስትደርሱ ሣር የበቀለበት ሰፊ ሜዳ፣ በዙሪያው ደግሞ ጣሪያም ግድግዳም የሌላቸው የቤት መሠረቶች ታያላችሁ። አንዱ መሠረት ውስጥ የድንጋይ ደረጃው እስካሁን አለ፤ የልጅ ልጄ ወርዳ ታችኛው ላይ ቆማ «አያቴ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አለችኝ። መሐል ላይ ባለው ድንጋይ የመንደሩ ዘመን 1801 እስከ 1938 ተብሎ ተቀርጿል፤ ቤታቸውንና አኗኗራቸውን ለሠዉት ሰዎች መታሰቢያ መሆኑም ተጽፎበታል።

እኔ ውኃው ዳር ደርሶ የተወው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳጣራ ግን ያ አደባባይ ከመጀመሪያውም በውኃ አልተዋጠም፤ ከውኃው ደረጃ በላይ ነው። ሰዎቹ የተነሡት፣ ቤቶቹም የፈረሱት የተፋሰሱ መሬት ንጹሕ ይሁን ተብሎ ነው። ዴና፣ ኤንፊልድ፣ ግሪንዊችና ፕሬስኮት የሚባሉ አራት ከተሞች ኤፕሪል 28 ቀን 1938 በሕግ ፈረሱ። በዋዜማው ሌሊት በኤንፊልድ የከተማ አዳራሽ የስንብት ዳንስ አድርገው እኩለ ሌሊት ሲመታ አለቀሱ ይባላል። ወደ 2,500 ሰው ተነሣ። ወደ 7,500 የሚሆኑ መቃብሮች ተከፍተው አፅማቸው ዌር ወደሚገኘው መካነ መቃብር ፈለሰ። የአባቱ አፅም ሲፈልስ ቆሞ ያየ ሰው ልቡ ምን እንደሚል እኛ አገር ያደግን እናውቃለን።

አንተ ከሲያትል የጻፍከው ልጄ፣ ሐሳብህ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሁንም በዙሪያው ባሉት ከተሞች ይኖራሉ። በሩ ፈጽሞ ቢዘጋባቸው የአያታቸውን ደጃፍ በየት ገብተው ያዩታል? ዓሣ ማጥመዱም ሆነ መንገዱ ከማንም በፊት ለእነርሱ የተጠበቀ ነገር ይመስለኛል። እኛ ደግሞ እንግዶች ሆነን እንደ እንግዳ እንግባ።

እንግድነቱን ካነሣሁ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናገር። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ጀበናውን፣ ስኒውን፣ ከሰሉንና ምድጃውን ሁሉ ይዤ ነበር፤ ቡና ሳይፈላ ምን ጉዞ ይባላል ብዬ። ጫካው ዳር ሣር ጎዝጉዤ ከሰሉን ካቀጣጠልኩ በኋላ አንድ ጠባቂ መጥቶ በትሕትና እሳት ክልክል መሆኑን ነገረኝ። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ቅጠሉ ምን ያህል ደረቅ እንደ ነበር፣ እሳቱ ቢያመልጠኝ ያ ጫካ ምን ይሆን እንደ ነበር ሳስበው ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እናቴ እናት ዓለም የገጠማቸው ጠባቂ ትሑት ስለ ነበረ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን የገጠመኝ ሌላ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ዓሣ ሳጠምድ፣ በአጠገባችን ሦስት ሌሎች ቡድኖች እያሉ ፈቃድ የተጠየቅነው እኛ ብቻ ነበርን። የማጥመጃ ፈቃዳችንን አሳየን፤ ለካ ለተፋሰሱ መሬት ሌላ የተለየ ፈቃድ ያስፈልግ ኖሯል። ይህን የሚናገረው ሰሌዳ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። ቅጣቱን ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ መንጠቆውን አንሥቶ አያውቅም።

ደንቡን አልቃወምም፤ ባለ ላቦራቶሪዋ የጻፉትን አንብቤ የበለጠ ተቀብዬዋለሁ። ነገር ግን ሰው የሚያከብረው የተረዳውን ደንብ ነው። ዘማልደን ደብዳቤውን የሚጽፉ ከሆነ፣ ሌላ በር ይከፈት ከማለት በፊት ባለው በር ላይ የተጻፈው ሁሉም ሰው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍ ቢጠይቁ የበለጠ ይጠቅመናል።

ባለ ላቦራቶሪዋ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉት ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም የምጨምረው አለ። ለልጆች ያሰቡ ቤተሰቦች ከሆናችሁ ተጨማሪ መፀዳጃ ቤቶችን ጠይቁ። ከመግቢያው አንድ ሰዓት ርቆ የሄደ ቤተሰብ ሕፃን ልጅ ሲይዘው የት ይሂድ? ይህ ጥያቄ የእናንተንም ምቾት የውኃውንም ንጽሕና ይጠብቃል፤ ከምታቀርቡት ሁሉ ይልቅ ተቀባይነት የሚያገኘውም እርሱ ይመስለኛል።

የአጋዘኑ አደን ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር ደግሞ ጥቂት ልበል። በኳቢን ክልል አደን ከሃምሳ ዓመት በላይ ተከልክሎ ነበር፤ በዚህም አጋዘኑ እጅግ በዛና ከመሬት የሚወጣውን ችግኝ ሁሉ እየጋጠ ፈጀው። ጫካው ትልልቅ ዛፎች ብቻ ያሉበት፣ ተተኪ የሌለው ሆነ። በ1938 እንደ ደረሰው ያለ ዐውሎ ነፋስ ዳግም መጥቶ አሮጌዎቹን ዛፎች ቢጥል አፈሩን የሚይዝ ነገር አይኖርም፤ ሁሉም ታጥቦ ወደ ውኃው ይገባል። ስለዚህ በ1991 በዕጣ ለተመረጡ አዳኞች ለጥቂት ቀናት የተወሰነ አደን ተፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ ችግኙ አንገቱን ቀና አድርጓል። አደኑ የተፈቀደው ለመዝናኛ ተብሎ ሳይሆን ለውኃው ሲባል ነው። የፕሬስኮት መዘጋትም እንዲሁ ምክንያት አለው። ከ1982 እስከ 1988 ድረስ ከሌላ ቦታ የመጡ 41 የራሰ ነጭ ንስር ጫጩቶች ያደጉት በዚያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው፤ በ1989 ከብዙ ዘመን በኋላ በማሳቹሴትስ ንስሮች እንደ ገና ጎጆ ሠርተው ፈለፈሉ። ያንን ጸጥታ ባንነካው እመርጣለሁ።

ሰንዳፋ

ከአገር ቤት ስለምከታተላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የአዲስ አበባ ውኃ ከሚመጣባቸው አንዱ በለገዳዲ ግድብ አጠገብ ነው ያደግሁት። እኛ ጋ ችግሩ የመዝናኛ ሰው መግባቱ አይደለም፤ ገበሬው እስከ ውኃው ዳር ማረሱና ከብት ማሰማራቱ ነው፤ ሌላ መሬት ስለሌለውም አይፈረድበትም። በክረምት ጎርፉ ከእርሻው የሚያወርደው አፈር ውኃውን ቡናማ ያደርገዋል፤ ያንን ለማጥራት የሚፈሰው ኬሚካል ብዙ ነው። እናንተ የምትከራከሩበት ተፋሰስ ጫካ ለብሶ መቆየቱን ሳይ፣ ሰዎቹ ሲነሡ የተከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከእናት ዓለም ጽሑፍ ተረዳሁ። የብሮንክሱ ወንድሜ የነገሩን የኒው ዮርክ ስምምነት፣ ነዋሪውን ሳያስነሡ ውኃውን ለመጠበቅ የተሞከረበት ስለሚመስለኝ፣ ስለ እርሱ ሰፋ አድርገው ቢጽፉልን እጅግ ደስ ይለኛል።

የብሮንክሱ

ወንድሜ ሰንዳፋ፣ በደስታ። ለአሁኑ ዋናውን ልንገርዎት፦ ከተማዋ ለገበሬዎቹ የፍግ ማጠራቀሚያ የምትሠራበትን፣ ከብት ከወንዝ የሚያርቅ አጥር የምታጥርበትንና በወንዝ ዳር ዛፍ የምትተክልበትን ወጪ ራሷ ትሸፍናለች፤ ገበሬው በፈቃዱ ይገባበታል፣ እርሻውንም አይለቅም። ዝርዝሩን ለብቻው አዘጋጅቼ በዚሁ መድረክ እከፍተዋለሁ።

ዘማልደን

የሁላችሁንም ሐሳብ ይዤ ትናንት ማታ ከቤተሰቦቹ ጋር ተሰብስበን ደብዳቤውን እንደ ገና ጽፈነዋል። ስለ ሕፃናትና ስለ ፕሬስኮት የነበሩት አንቀጾች ወጥተዋል። የዳርቻው መስፋት ላይ ለሁለት ስለተከፈልን ለሌላ ዓመት አቆይተነዋል። አሁን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በየበሩ ያለው ደንብ ከነምክንያቱ፣ በሥዕልም ጭምር፣ በተለያዩ ቋንቋዎች እንዲለጠፍ፣ እንዲሁም ሰው በሚበዛባቸው መግቢያዎች ተጨማሪ መፀዳጃ እንዲቆም። የአማርኛውን ትርጉም እኛ ራሳችን በነፃ እንደምናዘጋጅም ጽፈናል፤ ባለ ላቦራቶሪዋ ረቂቁን ቢያርሙልን ውለታዎ ትልቅ ነው።

ከሲያትል የጻፉት ወንድሜ፣ በጀልባው ጉዳይ አሁንም አልተስማማንም፤ እኔ ማኅተሙን አምነዋለሁ፣ እርስዎ አያምኑትም። ሆኖም የእርሳሱን ነገር ካነበብኩ በኋላ ሳጥኔን ከፍቼ አሥራ ሰባት የእርሳስ ክብደቶች አገኘሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ስጠቀምባቸው ኖሬአለሁ። ሁሉንም አውጥቼ በቆርቆሮ ተክቻቸዋለሁ።

የሚቀጥለው ጉዟችን ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ 40ኛው በር እንገናኛለን። ዕድሜያችሁ 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ አጥማጆች የክፍለ ግዛቱን የማጥመጃ ፈቃድ እንዳትረሱ፤ በዚያ በር በኩል ግን መጀመሪያ ዴና ድረስ በእግር ነው የምንሄደው። ውሻ ያለው ሰው ቤት ይተወው።

እናት ዓለም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እኔም እመጣለሁ። ቡናውን ቤት አፍልቼ በሁለት ፔርሙዝ እይዛለሁ፤ አቦል በአንዱ፣ ቶና በሌላው። ስኒ የሚይዝ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ የእኔ ስድስት ብቻ ነው።